የአሮጌ መኪና ታይሚንግ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ላይ ቮልስ የሚነዳ ሰው ብቻውን ቡና አይጠጣም። ፒያሳ ዳር አቁሜ ገና ወንበር ሳልስብ አንድ ሰው መኪናዋን መዞር ይጀምራል። መጀመሪያ "ዕድሜዋ ስንት ነው?" ይላል። ከዚያ "እኔም ላዳ ነበረችኝ" ይላል። ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ስለ ታይሚንግ ነው። አንድ ዓይነት ጥያቄ ስለበዛብኝ መልሶቹን እዚህ ሰበሰብኳቸው።

መካኒክ አይደለሁም። ባለ 1300 ቮልስ አለችኝ፣ ለዓመታት እጄን አቆሽሼባታለሁ፣ አንድ ጊዜም በገዛ ስንፍናዬ አቃጥያታለሁ። እሱን ወደ ታች አወራዋለሁ። የምጽፈው ኮንታክትና (እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን የሚያሰጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ካርቡሬተር ስላላቸው የድሮ ቤንዚን ሞተሮች ነው። መኪናችሁ ኮምፒዩተር ካላት ይህ እናንተን አይመለከትም።

ታይሚንግ ስትል የሰንሰለቱን ነው?

አይደለም። የቫልቩ ታይሚንግ ሌላ ነው። እሱን ሰንሰለት ወይም ጥርስ ይዞታል፤ ሞተር ካልተፈታ አይነካም። እዚህ የምናወራው ካንዴላው እሳት ስለሚሰጥበት ቅጽበት ነው።

ሲሊንደር ውስጥ የገባው ቤንዚንና አየር በአንድ ጊዜ ቦግ አይልም። ይለኮሳል፣ ይዛመታል፣ ከዚያ ይገፋል። ቡና የምታፈላ ሴት ከሰሉን እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ አትለኩስም፤ ቀደም ትላለች። ሞተርም እንዲሁ ነው። እሳቱ የሚሰጠው ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ከመድረሱ በፊት ነው። ግፊቱ የሚበረታው ግን ፒስተኑ ጫፉን አልፎ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ወደ ታች ሲጀምር እንዲሆን ይፈለጋል። ያኔ ነው ጉልበቱ ያለ ብክነት ክራንኩን፣ የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ የሚያዞረው።

ማቀጣጠሉ የሚፈጀው ጊዜ ትንሽ ነው፤ አንድ ሰከንድ ለሺህ ቢከፈል ሁለቱን እጅ ያህል። ሆኖም በደቂቃ 3,000 ጊዜ የሚዞር ሞተር በአንዷ ሺኛ ብቻ 18 ዲግሪ ይጓዛል። ስለዚህ ፍጥነት ሲጨምር እሳቱም ይበልጥ መቅደም አለበት። ይህን ሥራ ዲስትሪቢውተሩ (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው ዕቃ) ውስጥ ያሉት ትንንሽ ክብደቶችና ስፕሪንጎች ይሠሩታል። ቫክዩም ያለው ደግሞ ከካርቡሬተር በሚመጣ ቀጭን ቱቦ እየተሳበ ያስቀድማል። እኛ የምናስተካክለው መነሻውን ብቻ ነው።

የድሮዋ ፎርድ ሞዴል ቲ ላይ ይህን የሚያደርገው ሹፌሩ ራሱ ነበር። ከመሪው ሥር ለዚሁ የተሠራ ማንሻ ነበራት። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎ ዳገት ከነኩርባው፣ አንድ እጅ መሪ ላይ አንድ እጅ ታይሚንግ ላይ ሆኖ መውጣትን አስቡት።

መቅደሙ ወይም መዘግየቱ በምን ይታወቃል?

ከዘገየ መኪናዋ ትሰንፋለች። ነዳጅ ትረግጣላችሁ፣ ድምፅ ትሰጣለች፣ ግን አትሄድም። ቤንዚን ትጠጣለች። ሞተሩ ይግላል፤ ምክንያቱም ገና እየነደደ ያለው ጋዝ በጭስ መውጫው ይወጣል። ነዳጅ ስትለቁ ማርሚታው ውስጥ ቧ የሚል ድምፅም ልትሰሙ ትችላላችሁ።

ከቀደመ ችግሩ ይብሳል። ሞተሩ ሙቅ ሳለ ስታስነሱ ሞተሪኖው እየታገለ ይቆማል፤ አንድ ሰው ወደ ኋላ የሚመታው ይመስላል። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትረግጡ ደግሞ ያንኳኳል። ድምፁ ሽምብራ በብረት ምጣድ ላይ ሲቆላ የሚሰማውን ዓይነት ነው፦ ደረቅ፣ ቀጭን፣ ፈጣን። የዘገየ ታይሚንግ ኪስ ይጎዳል። የቀደመ ታይሚንግ ፒስተን ይበሳል።

ምን ምን ዕቃ ላዘጋጅ?

ካቻቢቴ፣ የዲስትሪቢውተሩን ማሰሪያ የሚፈታ ቁልፍ (ላዳ ላይ 13 ነው)፣ ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካባቸው ስስ ብረቶች)፣ ሁለት ሽቦ የተበየደበት ትንሽ ባለ 12 ቮልት አምፖል፣ ጠመኔ። የፍሬቻ አምፖልም ይሆናል። ያረጁ ቮልሶች ባለ 6 ቮልት ስለሆኑ መጀመሪያ ባትሪያችሁን እዩ።

ጋቢ አውልቁ። የደሴን ብርድ አውቀዋለሁ። ግን ቺንጋ እየዞረ ጋቢና ስካርፍ ለብሶ ሞተር ላይ ማጎንበስ አደጋ ነው።

ቀጥታ ታይሚንጉን ባስተካክልስ?

ይሄ ነው ትልቁ ስህተት። ታይሚንግ የመጨረሻው ሥራ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ቫልቭ በቀዝቃዛ ሞተር፣ ከዚያ ካንዴላ፣ ከዚያ ኮንታክት፣ ከዚያ ታይሚንግ፣ ካርቡሬተር ከሁሉም በኋላ።

በተለይ ኮንታክቱን ሳትነኩ ታይሚንግ ብትሞሉ ልፋታችሁ ከንቱ ነው። እሳቱ የሚሰጠው ኮንታክቱ በሚከፈትበት ቅጽበት ነው። ክፍተቱ ከሰፋ ቀድሞ ይከፈታል፣ ታይሚንጉ ይቀድማል። ከጠበበ ዘግይቶ ይከፈታል፣ ታይሚንጉ ይዘገያል። ታይሚንጉን ሞልታችሁ ኋላ ክፍተቱን ብታስተካክሉ የሞላችሁትን አፈረሳችሁ ማለት ነው። ተቃራኒው ግን አይሆንም፤ ዲስትሪቢውተሩን ማዞር የኮንታክቱን ክፍተት አይለውጥም።

ቮልስም ላዳም ላይ ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። የሚለካው የኮንታክቱ የፋይበር እግር በካሙ (ኮንታክቱን ገፍቶ የሚከፍተው የዘንጉ ጉብታ) ጫፍ ላይ ወጥቶ ክፍተቱ ከሁሉም በሰፋበት ቦታ ነው። ኮንታክቱ ከተቃጠለና አንዱ ፊት ጉብታ፣ ሌላው ጉድጓድ ካወጣ፣ ፊለር ጌጁ ይዋሻል፤ ከጉብታው በላይ ነው የሚለካው። ያኔ ለውጡት። አዲሱም በሳምንቱ ከተቃጠለ ጥፋቱ የኮንደንሰሩ ነው። ካሙ ላይ የክብሪት ራስ የምታህል ግሪስ ቀቡ፤ ከዚያ ከበለጠ ተረጭቶ ኮንታክቱ ላይ ያርፋል።

ቁጥር 1 ሲሊንደርና ምልክቱ የት ነው?

ላዳ ላይ ቀላል ነው። ቁጥር 1 ከፊት፣ ራዲያተሩ አጠገብ ያለው ነው። የእሳቱ ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። ክራንክ ፑሊው ላይ አንድ ምልክት አለ። ፊት ለፊቱ ሞተሩ ክዳን ላይ ሦስት ምልክቶች አሉ፦ 10፣ 5 እና 0 ዲግሪ። ረጅሙ 0 ነው፤ ላይኛው ጫፍ ማለት ነው። እኔ ሁሌም ከመካከለኛው እጀምራለሁ።

ቮልስ ላይ ሰው ይሳሳታል። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ቀኝና ግራው ይምታታል። የመኪናዋ አፍንጫ በሚያይበት አቅጣጫ ቁሙና አስቡ። በቀኝ በኩል፣ ወደ መኪናዋ ፊት ያለው ቁጥር 1 ነው። ከእሱ ኋላ 2፣ በግራ ፊት 3፣ በግራ ኋላ 4። ተራው 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው። መለኪያው መስመር የሞተሩ ሁለት ግማሾች የሚጋጠሙበት ስንጥቅ ነው፤ ከፑሊው በላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አሁን ልብ በሉ። በፈረንጆቹ የ1960ዎቹ ብዙ ቮልሶች ፑሊ ላይ ሁለት ቆረጦች አሉ። አንዳቸውም ላይኛው ጫፍ አይደሉም! ከኋላ ሆናችሁ ስታዩ የግራው 7.5፣ የቀኙ 10 ዲግሪ ናቸው፤ ሁለቱም ከጫፉ በፊት። "ቆረጡ ዜሮ ነው" ብሎ በላዩ 7.5 የጨመረ ሰው 15 አደረሳት ማለት ነው። ኋላ የመጡት ደግሞ አንድ ቆረጥ ብቻ ያላቸው አሉ፤ እሱ ብዙ ጊዜ ከጫፉ በኋላ 5 ዲግሪ ነው። ፑሊው ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ከሌላ ሞተር መጥቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ካላመናችሁት በካንዴላው ቀዳዳ ቀጭን እንጨት አስገብታችሁ ፒስተኑ ጫፍ የሚደርስበትን ራሳችሁ ፈልጉ። ብረት አታስገቡ።

በአምፖል እንዴት ይስተካከላል?

ሞተሩ ሳይነሳ የሚሠራ ዘዴ ነው። ለቮልስ ጥሩው ሰዓት ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው። አቦሉ ሳይወርድ ትጨርሳላችሁ።

ካንዴላዎቹን ፍቱ፤ ሞተሩ በእጅ በቀላሉ ይዞራል። ቮልስን በ21 ቁልፍ ከዲናሞው ፑሊ ላይ፣ ላዳን በማኒቬላ አዙሩ። በቁጥር 1 ቀዳዳ ላይ አውራ ጣታችሁን ጫኑ። አየር ጣታችሁን ገፍቶ ሲወጣ መጭመቂያው ላይ ናችሁ። ምልክቱ እስኪገጥም ቀስ ብላችሁ ቀጥሉ። ካለፋችሁ ትንሽ መልሳችሁ አትግጠሙ፤ ሩብ ዙር ያህል ወደ ኋላ መልሳችሁ እንደገና ወደ ፊት ኑ። በጥርሶቹ መካከል ያለው ልቅነት ዲግሪ ይሰርቃል።

የዲስትሪቢውተሩን ክዳን አንሱ። ውስጡ የሚዞረው ሮተር ወደ ቁጥር 1 ገመድ ማየት አለበት። ቮልስ ላይ የዲስትሪቢውተሩ ከንፈር ላይ ለዚሁ የተቀረጸች ጭረት አለች። ሮተሩ በተቃራኒው ካየ ቁጥር 1 ላይ አይደላችሁም፤ ሞተሩን አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ።

አሁን አምፖሉ። አንዱን ሽቦ ቦቢናው (ለካንዴላው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዕቃ) ላይ፣ ወደ ዲስትሪቢውተሩ የሚሄደው ቀጭን ገመድ የታሰረበት ቦታ አገናኙ። ሌላውን ንጹሕ ብረት ላይ። ቁልፉን ክፈቱ። ኮንታክቱ ከተዘጋ አምፖሉ አይበራም፤ ሲከፈት ይበራል። ማሰሪያውን ዲስትሪቢውተሩ በእጅ እስኪዞር ብቻ አላሉት። መጀመሪያ ሮተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ አዙሩ፣ አምፖሉ ይጥፋ። ከዚያ በተቃራኒው በጣም በዝግታ መልሱት። አምፖሉ ልክ ቦግ ሲል፣ እዚያው ቁሙ። እሰሩ።

አሁን ፈትሹ። ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙሩት። አምፖሉ ምልክቱ ሲገጥም መብራት አለበት። ስታስሩት ትንሽ ዞሮ ከሆነ እዚህ ይጋለጣል፤ ብዙ ጊዜም ይዞራል።

ቁልፉን ከፍታችሁ ወሬ አትያዙ። ሞተሩ ቆሞ ኮንታክቱ ከተዘጋ ቦቢናው ያለማቋረጥ ኤሌክትሪክ ይጠጣል፣ ይግላል። ጎረቤት ሰላም ልል ብዬ ሄጄ አንድ ቦቢና ቀቅያለሁ።

ለማስቀደም ወዴት ላዙር?

ሮተሩ ከሚዞርበት በተቃራኒ ካዞራችሁ ይቀድማል። በሚዞርበት ካዞራችሁ ይዘገያል። ቮልስም ላዳም ላይ ሮተሩ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ነው የሚዞረው። ዲስትሪቢውተሩ ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር አንዴ ስለሚዞር፣ በእጃችሁ 1 ዲግሪ ስታንቀሳቅሱ ሞተሩ ላይ 2 ይሆናል። ትንሽ ማለት በጣም ትንሽ ነው።

ስትሮብ መብራት ግድ ነው?

ስትሮብ እሳቱ በተሰጠ ቁጥር ብልጭ የሚል መብራት ነው። ለመነሻው ግድ አይደለም። መላውን ታይሚንግ ለማየት ግን ከእሱ የተሻለ የለም። አምፖሉ የሚነግራችሁ ሞተሩ ቆሞ ያለውን ነው። ውስጥ ያሉት ክብደቶች ዝገው ቢጣበቁ፣ ስፕሪንጉ ቢላላ፣ አምፖሉ አያውቅም።

ስትሮቡን ቁጥር 1 ገመድ ላይ ታስራላችሁ፣ ምልክቱን በጠመኔ ታደምቃላችሁ፣ የቫክዩሙን ቱቦ ነቅላችሁ ትደፍናላችሁ (ከጫፉ በኋላ 5 ዲግሪ የሚሞሉት ቮልሶች ብቻ ከነቱቦው ናቸው)፣ ሞተሩ በደቂቃ 850 ጊዜ አካባቢ እንዲዞር ታደርጋላችሁ። ከዚያ ነዳጅ ስትሰጡ ምልክቱ መሸሽ አለበት። ሳይንቀሳቀስ ከቀረ ክብደቶቹ ተጣብቀዋል። እየዘለለ ከታየ የዲስትሪቢውተሩ ዘንግ አልቋል።

ብዙ ቮልሶች ላይ ቫክዩም የሌለው፣ ሰው "ዜሮ ዜሮ ዘጠኝ" የሚለው ዲስትሪቢውተር ተገጥሟል። ለእሱ መነሻውን እርሱት። በደቂቃ ከ3,000 በላይ ሲዞር ሙሉው ከ28 እስከ 32 ዲግሪ መሆኑ ነው የሚያስፈልገው። ፑሊው ላይ የ30 ምልክት ከሌለ ከልብስ ሰፊ ሜትር ተዋሱ። የፑሊውን ዙሪያ ለኩ፣ ለ360 አካፍሉ። ለምሳሌ ዙሪያው 540 ሚሊ ሜትር ከሆነ አንድ ዲግሪ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። 30 ዲግሪ 45 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ከላይኛው ጫፍ ምልክት በስተቀኝ።

የደሴና የኮምቦልቻ ከፍታ ልዩነት ያመጣል?

በጣም የምወደው ጥያቄ ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ አራት አምስተኛ ያህል ታገኛለች። አየሩ ሲሳሳ ሲሊንደሩ በደንብ አይሞላም። ያልሞላ ሲሊንደር ውስጥ እሳቱ ቀስ ብሎ ነው የሚዛመተው። ስለዚህ ደሴ ላይ ያለ ሞተር ትንሽ ቀደም ያለ ታይሚንግ ይወዳል። ግፊቱ ዝቅ ስለሚልም አያንኳኳም። እኔ ከመጽሐፉ 2 ዲግሪ ብጨምር ነው፤ ከዚያ አላልፍም።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ግን ለመመላለስ ምንም አትንኩ። የ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፣ የከፍታው ልዩነት ከ600 ሜትር ትንሽ ያልፋል። ጠዋት ወርዶ ማታ የሚመለስ ሰው ዲስትሪቢውተር ሲያዞር መኖር አይችልም።

ጉዳዩ የሚመጣው ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ ሚሌ ስትወርዱ ነው። ሚሌ 500 ሜትር አካባቢ ናት። አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ሲሊንደሩ ይሞላል። ደሴ ላይ ዝም ያለው ታይሚንግ እዚያ ሽምብራውን መቁላት ይጀምራል። ስለዚህ የምመክረው ይህን ነው፦ ታይሚንጋችሁን ለምትኖሩበት ሳይሆን ጭነት ይዛችሁ ለምትደርሱበት ዝቅተኛና ሞቃት ቦታ ሙሉ። ደሴ ላይ ትንሽ ጉልበት ይቀርባችኋል። ፒስተናችሁ ግን ይተርፋል።

አንድ ነገር ግን እውነቱን ልናገር። ሞተራችሁ ደሴ ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን አጥቷል። የሚያንሰው አየር ስለሆነ ታይሚንግ አይመልሰውም። በዚያ ላይ ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥቁርና ጥላሸታም ይሆናል። ሰው ይህን አይቶ ታይሚንግ ያስቀድማል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! የጥላሸቱ መድኃኒት ካርቡሬተሩ ላይ ነው፤ የዡግለሩ፣ ቤንዚን የሚያሳልፈው፣ ቀዳዳ ይጥበብ።

በጆሮ የሚሞሉ መካኒኮች አሉ። ልመናቸው?

ጆሮ ያለው ሰው አለ፤ አልክድም። ግን አንዱ ዘዴ መኪና ይገድላል። ሞተሩን አስነስቶ፣ ዲስትሪቢውተሩን እያዞረ፣ ድምፁ ከሁሉም ሲፈጥንና ሲያምር እዚያ ላይ ማሰር። መኪናዋ ቆማ የሚዞር ሞተር ጭነት የለበትም፤ ሲሊንደሩ ለባዶ ቅርብ ነው። ስለዚህ ከሚችለው በላይ ብታስቀድሙለትም ደስ ይለዋል። ዳገት ላይ ግን ሌላ ሰው ነው።

የኔ ታሪክ ይህ ነው። ኮምቦልቻ ላይ አንድ ጋራዥ ገባሁ። ቸኩያለሁ። መካኒኩ በጆሮው ሞላልኝ። ስወጣ መኪናዋ ፈነጠዘች፤ እኔም ጉርሻ ጨምሬ ሰጠሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰኞ ቀን፣ ለባቲ ገበያ፣ አራት ሰው ጭኜ ወረድኩ። ስመለስ ቀትር ሆኗል፣ ዳገት ነው፣ ፀሐዩ ያቃጥላል። የቮልስ ማራገቢያ ድምፅ ትልቅ ነው፤ ማንኳኳቱን ይሸፍናል። ምንም አልሰማሁም። ብቻ ጉልበቷ እየሟሸሸ፣ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ መጣ። ሞተሩ ሲፈታ ቁጥር 3 ፒስተን ላይ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ነበር።

መካኒኩን አልወቅስም። መጽሐፉ 7.5 ይላል፤ ስንት እንደነበር ግን እኔ አልለካሁም። አምፖሉ ዳሽቦርዱ ሳጥን ውስጥ ነበር።

ሞላሁት። ትክክል መሆኑን በምን ልፈትን?

ሐረጎ ምን ይሠራል? ለእኛ ላቦራቶሪያችን ነው። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ውጡ። መንገዱ ጭር ያለበትን ሰዓት ምረጡ፤ ከባድ መኪና ከኋላ ሲገፋችሁ አይሆንም። ከማርሽ አንድ ከፍ ብላችሁ፣ ለምሳሌ በሦስተኛ መውጣት ሲገባችሁ በአራተኛ፣ ነዳጁን ለጥቂት ሰከንድ ሙሉ ርገጡ። መስኮት ክፈቱ። በተራራው በኩል ያለው ግድግዳ ድምፁን ይመልስላችኋል፤ ቮልስ ውስጥ ሆኖ ለመስማት ከዚያ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም።

ሽምብራው ከተሰማ ነዳጁን ወዲያው ልቀቁ። 2 ዲግሪ አዘግዩና ድገሙት። ምንም ካልተሰማና መኪናዋ ከሰነፈች 1 ዲግሪ አስቀድሙ። ላዳ ከቮልስ ቀድማ ታንኳኳለች፤ 8.5 እጥፍ ነው የምትጨምቀው፣ የ1300 ቮልስ ግን 7.3 ገደማ። ስለዚህ የላዳ ባለቤቶች ይበልጥ ጆሮ ስጡ።

ጉም ሲወርድ ፈተና የለም። ሐረጎ በጉም ቀን ለመኖር ብቻ ነው የሚነዳው።

ሐምሌ ላይ ጠዋት አልነሳ ትላለች። ታይሚንጉ ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። እርጥበት ነው። የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ከውስጥ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ገመዶቹን አድርቁ። ክዳኑ ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ካያችሁ ተሰንጥቋል፤ እሳቱ በዚያ ይሸሻል። ለውጡት። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የምታስመጡ ከሆነ አሮጌውን ላኩ፤ ስም ብቻ ብትነግሩ የሌላ መኪና ክዳን ነው የሚመጣላችሁ።

አስተካክዬው በወሩ መልሶ ሰነፈ። ለምን?

ሦስት ነገር እዩ። ማሰሪያው ላልቶ ዲስትሪቢውተሩ በንዝረት ዞሯል፤ ሲሞላ በጠመኔ ምልክት ብታደርጉበት ኖሮ ባንድ እይታ ታውቁት ነበር። ወይም የአዲሱ ኮንታክት የፋይበር እግር ተበልቷል፤ ሲበላ ክፍተቱ ይጠባል፣ ታይሚንጉ ይዘገያል። አዲስ ኮንታክት ከገባ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ አንዴ ማየት ለዚህ ነው። ወይም ዘንጉ አልቋል። ሮተሩን ይዛችሁ ወደ ጎን ወዝውዙት፤ ከተነቃነቀ ክፍተቱ በየዙሩ ይለያያል። ያን ምንም ማስተካከል አይፈታውም፤ ቡሽ ይለወጣል።

ደህና እየሄደች ነው። ለጉልበት ትንሽ ባስቀድምላትስ?

ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ኤሌክትሮኒክ ላስገጥምላት?

ጥሩ ነገር ነው። የሚበላ እግር የለውም፣ የሚቃጠል ኮንታክት የለውም። ታይሚንጉን ግን ያው ትሞላላችሁ፤ እሱ አይቀርም። ስትገጥሙ የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ ሽቦውን ከተሳሳታችሁ ወዲያው ይሞታል፤ የሚፈልገውን የቦቢና ዓይነትም አንብቡ። ሲሞት ደግሞ ያለ ማስጠንቀቂያ ነው። ኮንታክት እያዘገመ፣ እያጉረመረመ ነው የሚሄደው፤ በካቻቢቴና በአሸዋ ወረቀትም ቤት ታደርሳላችሁ። ስለዚህ አሮጌውን ኮንታክት ከነኮንደንሰሩ መኪናው ውስጥ አኑሩ። እኔ እስካሁን አልቀየርኩም።

ቁልፍ ካጠፋሁ በኋላ ሞተሩ ይንደቀደቃል። ታይሚንግ?

ቁልፍ ጠፍቶ እሳት የሚሰጥ ካንዴላ የለም። የሚያቀጣጥለው ሲሊንደሩ ውስጥ የጋለ ካርቦን ነው። በመጀመሪያ መኪናዋ ቆማ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት ዝቅ አድርጉ። ከዚያ የካንዴላውን ቁጥር እዩ፤ ከሚገባው በላይ የሚግል ዓይነት ተገጥሞ ሊሆን ይችላል። ታይሚንግ የዘገየ ሞተር ስለሚግል ግን አንዳንዴ ከጀርባ እሱም አለበት።

በስንት ጊዜ ልየው?

በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ከኮንታክቱ ጋር። ቫልቭ ባስተካከላችሁ ቁጥርም ስለከፈታችሁት እግረ መንገዳችሁን እዩት። ወደ ሚሌ የምትወርዱ ከሆነ ኪሎ ሜትሩን አትቁጠሩ፤ ከመውረዳችሁ በፊት ባለው ጠዋት አምፖሏን አውጡ።